ክረምት ሲወጣ የሚዘራ አትክልት በወሎ

ወሎ ውስጥ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚዘራ አትክልት ሁለት ውሃ ይጠጣል። መጀመሪያ የክረምቱን የመጨረሻ ዝናብ፣ ቀጥሎ የቦይ ወይም የጉድጓድ ውሃ። ምርቱ እንደየዓይነቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ይደርሳል። ለእህል ገበሬው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዋልካ (ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር) ላይ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው በዚሁ ሰሞን ነው። ሽምብራ ግን አፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ይወጣዋል። ካሮት አይወጣውም።

ስለዚህ ዘር ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ይታሰባል። ዝናቡ መቼ ይቆማል? ውርጩ መቼ ይመጣል? ገበያው መቼ ይፈልጋል? ከዚያ ቀኑ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ላይ ይሳሳል። ከዚያ በኋላ እስከ በልግ ድረስ የሚያስተማምን ዝናብ የለም። የውርጩ ነገር ደግሞ እንደ ከፍታው ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ጋቢውን በክንዱ ይዞ ይወርዳል። አትክልቱም እንደዚያው ነው። ቆላማ በሆነው የቆቦና ግራና ሸለቆ ኅዳር የቲማቲምና የሽንኩርት ወቅት ነው። በወረኢሉ መንገድ ባለችው ደጋ፣ ጉጉፍቱ ላይ ግን በዚያው ኅዳር ሣሩ ጠዋት ነጭ ሆኖ ያድራል።

ውርጭ ደጋውን ከጥቅምት እስከ ጥር ያሰጋዋል፤ ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይፈሳል። ጉድጓዳማ ጓሮ፣ ወይም ከታቹ በአጥር የተዘጋ ጓሮ፣ ተዳፋት ላይ ካለው ቀድሞ ይመታል። አንድ ሰፈር ውስጥ የአንዱ ጎመን ደህና አድሮ የሌላው ሰላጣ የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ዓመት ደሴ ላይ ነሐሴ ውስጥ የቲማቲም ችግኝ አፈላሁ። መስከረም ላይ ተከልኩት፤ ማማሩ ሌላ ነበር። ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ቅጠሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መስሎ ጠቁሮ አገኘሁት። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት በአጥር በኩል አይተው «ልጄ፣ ቲማቲም እኮ አገሩ ኮምቦልቻ ነው» አሉኝ። ቃሪያም እንደ ቲማቲም ነው። ድንችም ቅጠሉ ውርጭ አይችልም። በዚያ ላይ በነሐሴ እርጥበት ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ይወጣና በሳምንት ውስጥ ማሳው ይረግፋል። ገበሬው «ምች መታው» ይላል።

ለደጋውና ለወይና ደጋው የሚያዋጣው የሥርና የቅጠል አትክልት ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ። እነዚህ ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ካሮትማ በቀዝቃዛ ሌሊት ይበልጥ ይጣፍጣል።

በመስቀል ሰሞን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ጎመን እህል እስኪደርስ ክረምቱን የምታሻግር የችግር ምግብ ስለሆነች ነው። እኔ ግን ምንቸቱን ለማስወጣት አልቸኩልም። ነሐሴ መጨረሻ የተዘራ ጎመን ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ይለቀማል፤ የታችኛው ቅጠል ብቻ ከተነቀለ ለረጅም ጊዜ እየሰጠ ይቆያል። ቆስጣም እንዲሁ ነው፤ በ50 እና በ60 ቀን መካከል መቆረጥ ይጀምራል። ጓሮዋ ጠባብ ለሆነች ቤት ከሁለቱ የተሻለ አላውቅም።

አሁን ወደ ገበያው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ክርስቲያኑ ሥጋና ወተት ስለሚተው ካሮቱም፣ ቀይ ሥሩም፣ ጥቅል ጎመኑም ይፈለጋል። ከነሐሴ 20 እስከ ኅዳር 15 ስንት ቀን ነው? ነሐሴ 10፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረምና ጥቅምት 60፣ ኅዳር 15። ድምሩ 90። ጳጉሜን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ለሰላጣ 5 ቀን ቀላል ነገር አይደለም። ካሮት በ90 እና በ110 ቀን መካከል ስለሚደርስ ነሐሴ 20 የተዘራው ልክ ጾሙ ሲገባ መነቀል ይጀምራል። ቀይ ሥር ከ60 እስከ 80 ቀን ስለሚበቃው እስከ መስከረም መጀመሪያ መጠበቅ ይችላል። ጥቅል ጎመን ችግኝ ሆኖ አንድ ወር ገደማ፣ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። ነሐሴ 20 ከተጀመረ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ጾሙ ሳያልቅ ይደርሳል።

ወሎ ግን የአንድ ጾም አገር አይደለም። የረመዳን ሾርባም ካሮትና ሽንኩርት ይፈልጋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ አምና የሠራ ስሌት ዘንድሮ አይሠራም። ሁለቱን ጾም አይቶ የሚዘራ አትክልተኛ የኪስ ካላንደር አይለየውም።

ቀይ ሽንኩርት ለብቻው ይታያል። ችግኙ መደብ ላይ 50 ቀን ያህል ይቆያል። ነሐሴ 20 የተዘራው ጥቅምት 5 ገደማ ይተከላል። ቶሎ የሚደርሰው ቦምቤይ ሬድ የሚባለው ዝርያ እንኳ ከዚያ ወደ 100 ቀን ይፈልጋል፤ ይህ ጥር አጋማሽ ነው። የገና ዶሮ ወጥ አምልጦታል ማለት ነው። ለገና ያሰበ ሐምሌ ላይ ማፍላት ነበረበት፤ በሐምሌ ዝናብ ደግሞ የሽንኩርት ችግኝ ይበሰብሳል። ከላይ ዳስ ካልተጣለለት አይሞከርም። ቆላው ላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል።

ዘሩ ራሱ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። የቀይ ሽንኩርትና የባሮ ሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ አይታመንም። ተከፍቶ በማንኪያ የሚሸጥ ዘር ዕድሜው አይታወቅም። እኔ 20 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ምድጃ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ከ14 በታች ከበቀለ ሻጩ የፈለገውን ይበል፣ አልዘራውም። ካሮት ለዚህ ሙከራ እስከ ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የካሮት አዘራር ወግ አለው። ችግኙ አይዛወርም፤ ከተነቀለ ሥሩ ይጣመማል። መደቡ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፣ ዋልካ ላይ ውሃ እንዳይተኛበት። ያልበሰበሰ ፍግ አይጨመርም፤ ከተጨመረ ካሮቱ ሁለት እግር አውጥቶ ሱሪ መስሎ ይወጣል። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በጣት በተሰመረ መስመር ላይ ይንጠባጠባል። የነሐሴ ዝናብ አፈሩን ደብድቦ ቅርፊት ስለሚያስይዘው ስስ የሣር ጉዝጓዝ ይለብሳል። ብቅ ሲል ጉዝጓዙ ይነሳል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ማሳሳት አለ፤ በመካከላቸው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳል፤ የበቀለ ነገር መንቀል ያሳዝነዋል። እኔም ያሳዝነኛል፤ ያላሳሳሁበት መስመር የሰጠኝ ግን የእርሳስ ውፍረት ያለው ካሮት ነው።

የመጨረሻው ወሳኝ ውሃ ነው። በባህላዊ መስኖ ላይ ተራውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነው። ከመዝራት በፊት እሱን ማነጋገር ይበጃል። ተራው በየአራት አምስት ቀኑ ከሆነ ሰላጣም ሽንኩርትም ይቻላል፤ ሁለቱም ሥራቸው ከላይ ስለሆነ ጥማት አይችሉም። ተራው በየአሥር ቀኑ ከሆነ ሥር የሰደደ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጎመን ይሻላል፣ ጉዝጓዝ ተጨምሮ። ተራው ሌሊት ከደረሰ ደግሞ ባትሪና ቦት ጫማ ማዘጋጀት ነው። በጥቅምት ሌሊት ቦይ ውስጥ በባዶ እግር መቆም አይሞከርም።