«ሐራም ነው» ከማለት በፊት፦ ስለ እስልምና የምግብ ሕግ የሚደጋገሙ ስሕተቶች

«ከተጠራጠርክ ሐራም በለው፤ ማክረር አይጎዳም» የሚለውን አባባል ፊቅህን (የእስልምናን የሕግ ትምህርት) በማስተምርባቸው ዓመታት ሁሉ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ዛሬም በሰማሁት ቁጥር ያሳዝነኛል።

ጥቃቅኖቹን ስሕተቶች ላስቀድም። ሙስሊም በክርስቲያን ጎረቤቱ ቤት ምንም አይቀምስም ይባላል፤ ጥያቄው የሚነሣው በሥጋውና በመጠጡ እንጂ በሽሮውና በቡናው አይደለም። ኮምጣጤ ሐራም ነው የሚሉም አሉ፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን መልካም ማባያ ብለውታል፤ ሊቃውንት የተለያዩት የወይን ጠጅን ሆን ብሎ ወደ ኮምጣጤ በመለወጡ ላይ ነው።

ወደ ዋናው ልመለስ። አጠራጣሪውን ለራስ መተው የተመሰገነ ጥንቃቄ ነው፤ በሌላው ላይ ሐራም ብሎ መፍረድ ግን ማስረጃ የሚጠይቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ለነቢዩ የተጠበሰ ዶብ የተባለ የበረሃ እንሽላሊት በቀረበላቸው ጊዜ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሐራም እንደሆነ ሲጠየቁ ግን፣ አይደለም፣ በወገኖቼ አገር ስለሌለ ነፍሴ አልፈቀደችውም ብለው መለሱ፤ ከባልደረቦቻቸው አንዱ የሆነው ኻሊድ ኢብኑል ወሊድም እርሳቸው እያዩ በላው። እስልምናን በቅርቡ የተቀበሉ ሰዎች ያመጡት ሥጋ ሲታረድ የአላህ ስም ይጠራበት አይጠራበት አናውቅም ላሏቸውም፣ እናንተ ስሙን ጥሩና ብሉ አሏቸው። ቁርኣንም በአል-ማኢዳህ ምዕራፍ ቁጥር 87 አላህ የፈቀደውን መልካም ነገር እርም ማድረግን ይከለክላል።

«ችግር ቢደርስም ሕጉ አይላላም» የሚለው ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። በክትን፣ ደምንና የአሳማ ሥጋን የሚከለክለው የአል-በቀራህ ቁጥር 173 ራሱ፣ ሳያምጽና ወሰን ሳያልፍ ተገዶ በበላ ሰው ላይ ኃጢአት እንደሌለ በዚያው አንቀጽ ይናገራል። ስለዚህ ፈቃዱ የሕጉ አካል ነው፤ መጠኑም ነፍስን ለማትረፍ የሚበቃው ነው።

አክስቴ የመድኃኒቷ እንክብል ሽፋን ከአሳማ የተሠራ ነው የሚል ወሬ ሰምታ ለሁለት ሳምንታት ሳትወስደው ቀረች፤ ሕመሙም ጸናባት። የመድኃኒት ባለሙያ ስንጠይቅ ሽፋኑ ከዕፅዋት የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ወሬውን ያመጣው ሰው ማሸጊያውን እንኳ አላነበበም ነበር። ከእንስሳ ቢሠራም ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ቃል አይዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ የፊቅህና የሕክምና ሊቃውንት ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣና ለመድኃኒት ሽፋን የሚውል ነገር) ንጹሕ ነው ብለዋል፤ ይህን የማይቀበሉ ሊቃውንትም አሉ።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የገጠመው ሰው መድኃኒቱን ከማቋረጡ በፊት ማሸጊያውን ያንብብ፤ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ ባለሙያውን ይጠይቅ፤ በፈሳሽ ወይም በሌላ መልክ የሚገኝ ተመሳሳይ መድኃኒት ካለ ሐኪሙ እንዲለውጥለት ያመልክት፤ ከሌለም መልሱን ይዞ ወደሚያምነው ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) ይሂድ፤ እስከዚያው ድረስ ግን የታዘዘለትን አያቋርጥ።