«እዚያ እኮ ጸሎት ብቻ ነው»፦ በቴዜ ስለማገልገል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቴዜ በፈረንሳይ ቡርጎኝ ገጠር፣ ከክሉኒ ከተማ ብዙም ሳትርቅ በኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከካቶሊክና ከልዩ ልዩ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የተውጣጡ፣ «ወንድሞች» የሚባሉ መነኮሳት በአንድ ማኅበር ይኖሩባታል፤ ከብዙ አገር የሚመጡ ወጣቶችም ለጸሎት ይሰበሰቡባታል። ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን በፈቃደኝነት አገልግዬባት ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ መሄድ የሚያስቡ ወጣቶች ምክር ይጠይቁኛል፤ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። የሚያንገበግበኝ አንዱን የተሳሳተ ወሬ ለአሥረኛ ጊዜ ማረም ነው። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ካቶሊክ ያደርጓችኋል።» ማንም አያደርጋችሁም። እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ መንደሯ መጥተው ማኅበሩን የመሠረቱት ወንድም ሮዤ የስዊዘርላንድ ፕሮቴስታንት ፓስተር ልጅ ነበሩ፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የሚመሩት ወንድም ማቲው ደግሞ አንግሊካን፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወገን ናቸው።

«ፈረንሳይኛ ያስፈልጋል።» አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛ ያግባባል።

«ደመወዝ አለው።» የለውም። መኝታ አለ፤ ምግብ አለ፤ እሱም ቀላል ምግብ ነው፣ በአንድ ማንኪያ የሚበላ፤ ሻዩም የሚጠጣው በጎድጓዳ ሳህን ነው። ወንድሞቹ ራሳቸው ስጦታ አይቀበሉም፤ የቤተሰብ ውርስ እንኳ ለራሳቸው አያስቀሩም። ሸክላ እየሠሩ፣ በእጃቸው ሥራ ይተዳደራሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ስለ ክፍያ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያሳፍር እናንተው አስቡት።

«ማኅበሩ ከጋበዘ ቪዛው አይቀርም።» ይህ ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል። የግብዣ ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር የሚያያዝ አንድ ወረቀት ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ የሚወስነው ቆንስላው ነው። ፈረንሳይን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የአጭር ጊዜው የሼንገን ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት ማመልከት አይቻልም፤ 15 ቀን ብቻ ሲቀር ደግሞ ረፍዷል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የማውቃት አንዲት ልጅ ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት ቆርጣ፣ ጉዞውንም ገንዘቡንም አጥታ ስታለቅስ አይቻለሁ። እባካችሁ ቪዛ ያለበት ፓስፖርት እጃችሁ ሳይገባ ቲኬት አትቁረጡ። በዚያው ለመቅረት አስባችሁ ከሆነም አትሂዱ፤ ከእናንተ በኋላ በቅንነት የሚያመለክተው ልጅ ነው የሚጠረጠረው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «እዚያ እኮ ጸሎት ብቻ ነው፤ ሥራውን ሠራተኞች ይሠሩታል።» የትኞቹ ሠራተኞች? ሠራተኞቹ እናንተ ናችሁ!

አንድ እሑድ እንዴት እንደሚውል ልንገራችሁ። በቴዜ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ እሑድ ነው። በአውሮፓ በጋ እንግዳው በሺዎች ይቆጠራል፤ የአንዱ ሳምንት እንግዳ በሚሄድበት ቀን የሚቀጥለው ይገባል። በሁለቱ መካከል ክፍሎቹ ይጠረጋሉ፣ ፍራሾቹ ይራገፋሉ፣ መጸዳጃ ቤቱ ይታጠባል። እኔ የተመደብኩት መጸዳጃና ገላ መታጠቢያ የሚያጸዳው ቡድን ውስጥ ነበር። የጎማ ጓንቴ አንዱ ጣቱ ላይ ስለተቀደደ በረኪናው እየገባ ያቃጥለኛል። የፍሳሹን ክዳን አንስቼ፣ የሳምንት ጸጉር ተጠቅልሎ የደፈነውን ቀዳዳ በጣቴ እየጎረጎርኩ ሳለ የማታው ጸሎት ደወል ተደወለ። እጄን ታጥቤ ሮጥኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሕዝቡ ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጥግ ይዤ ተንበረከኩ። አጫጭሮቹ መዝሙሮች እየተደጋገሙ ተዘመሩ፤ ከዚያ ረጅሙ ጸጥታ መጣ። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ቤት ውስጥ ሳል ብቻ ይሰማል። እጄ ግን በረኪና በረኪና ይሸታል። በዚያ ጸጥታ እንደዚያን ቀን ከልቤ የጸለይኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከጸሎት ወጥቼ ደግሞ ዘግይተው ለደረሱ እንግዶች ፍራሽ ተሸከምኩ።

ከእኔ ጋር የነበረ አንድ የነገረ መለኮት ተማሪ ይህን መቀበል አቃተው። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምር ነበር የመጣው፤ ጠዋት ጠዋት ያንን ትምህርት የሚሰጡት ወንድሞቹ መሆናቸውን ሲያውቅ፣ ለእርሱም ስፖንጅ ሲሰጠው፣ የተናቀ መሰለው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ክፉ ልጅ አልነበረም። አስቀድሞ እውነቱን የነገረው ሰው አለመኖሩ እስካሁን ያናድደኛል።

ሌላም አለ። እንግዶቹም ሥራ ይመደብላቸዋልና ፈቃደኛው ብቻውን አይሠራም፤ ያሠራል። ቋንቋችሁን የማይሰሙ የ16 ዓመት ልጆች ማጠቢያ ገንዳው ዙሪያ ቆመው ዓይን ዓይናችሁን ያያሉ። ማስረዳት በእጅ ነው፤ አንዱን ሳህን ራሳችሁ አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ደፍታችሁ ታሳያላችሁ። ብትቆጡ ገንዳው ዙሪያ ማንም አይቀርም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ተቆጥቻለሁ፤ ያን ሁሉ ሳህን ብቻዬን ጨረስኩት።

መሄዳችሁ ከተቆረጠ ውኃ የማያስገባ ጫማና የዝናብ ልብስ ያዙ፤ በበጋም ይዘንባል። ሁለት ጥንድ ጫማ ይሁን፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል። የጎማ ጓንት እዚያ ይሰጣችኋል፤ ከማጥለቃችሁ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ።