የላቦራቶሪ ብርጭቆ መጋጠሚያና የቡሬት ቧንቧ ግሪስ

የላቦራቶሪ ግሪስ በተሞረዱ የብርጭቆ መጋጠሚያዎችና በቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ) ቧንቧዎች ላይ የሚቀባ ወፍራም ቅባት ነው። ፈሳሽና አየር እንዳያልፍ ይዘጋል፤ ብርጭቆና ብርጭቆ ተነክሰው እንዳይቀሩም ይከላከላል። ጋራዥ ውስጥ ግራሶ ከሚባለው ጋር ዘመድ ነው፤ የመኪናው ግን በአብዛኛው በሊቲየም ሳሙና የወፈረ የማዕድን ዘይት ስለሆነ ናሙና አጠገብ ባይደርስ ይሻላል። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አቃቂ ውስጥ ባለው ላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ ከተገኙት የግሪስ ቱቦዎች ጽሑፍ፣ ከአምራቾች መግለጫና ከዕለት ሥራችን ነው።

መጋጠሚያዎቹ በየ10 ሚሊሜትር ርዝመት 1 ሚሊሜትር እየጠበቡ የሚሄዱ ናቸው። 24/29 የሚል ምልክት ሰፊው ጫፍ 24፣ ርዝመቱ 29 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የአሜሪካው 24/40 ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ ርዝመቱ ብቻ ይለያያል። እኛ ጋ ሁለቱም ተቀላቅለው ስለሚገኙ አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ከሲሊኮን በፊት ቫዝሊን፣ ፓራፊንና የተፈጥሮ ጎማ አብረው ቀልጠው የሚሠራ የራምሴ ግሪስ የሚባል ነበር።

በታሪኩ በደንብ የሚታወቀው አፒየዞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ማንቸስተር በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ቪከርስ ኩባንያ ሲሲል ሬጂናልድ በርች የነዳጅ ዘይትን በከፍተኛ ቫክዩም (አየሩ ተስቦ በወጣበት ባዶ ዕቃ) ውስጥ አጣርቶ በቀላሉ የሚተነውን ክፍል አስወገደ። የቀረው እንፋሎቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ቫክዩም አያበላሽም። ስሙም ከግሪክኛ «ያለ ግፊት» ከሚል ሐረግ ተወስዷል። ዓይነቶቹ በፊደል ይለያሉ፦ ኤን እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራል፣ ቲ እስከ 120፣ ኤች ደግሞ እስከ 240። ጉድለቱ ቅባት በሚያሟሙ ፈሳሾች፣ በሄክሳንና በክሎሮፎርም፣ መሟሟቱ ነው።

ይህ ጉድለት እዚህ አገር የት እንደሚጎዳ የኑግ ዘይት መጠን የለካ ሰው ያውቀዋል። በሶክስሌት (የሄክሳን እንፋሎት እያቀዘቀዘ ዘይቱን ደጋግሞ አጥቦ በሚያወጣ የብርጭቆ ዕቃ) ሲጨመቅ የሄክሳኑ እንፋሎት በመጋጠሚያው ያልፋል፤ ቀዝቅዞ ሲወርድ ግሪሱን አጥቦ ወደ ፍላስኩ ይዞት ይገባል። ሄክሳኑ ተንኖ ፍላስኩ ሲመዘን ግሪሱም ዘይት ተብሎ ይቆጠራል። ሲሊኮንም በሄክሳን ያብጣል፣ ይለቃልም። ስለዚህ ሶክስሌት ላይ ምንም አንቀባም፤ በመጋጠሚያው መካከል ስስ የቴፍሎን (ምጣድ ላይ የሚለበጠው አንሸራታች ፕላስቲክ) እጅጌ መሰል ሽፋን እናስገባለን። ይህ ልማዳችን ከብዙዎች የተሻለ ይመስለናል።

ሲሊኮን ግሪስ ፖሊዳይሜቲልሲሎክሳን የሚባል የሲሊኮን ዘይት በደቃቅ ሲሊካ ወፍሮ የሚሠራ ነው። ገበያው ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው የዳው ኮርኒንግ ድርጅት ግሪስ ነበር። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። ውርጭ ባለበት የኅዳር ጠዋት አፒየዞን የተቀባ ቧንቧ በመዳፍ ካልተሞቀ አልዞርም ሲል፣ ሲሊኮን የተቀባው ግን እንደ ወትሮው ይዞራል። ጠንካራ አልካሊ ይጎዳዋል። ብርጭቆ ላይም እየተንፏቀቀ ይሄዳል፦ ቡሬት ውስጥ ከወጣ ፈሳሹ ግድግዳው ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀርና ንባቡ ይዛባል። በጋዝ ክሮማቶግራፊ ማስ ስፔክትሮሜትር (ውሁዶችን ለይቶ የሞለኪውል ቁርጥራጮቻቸውን ክብደት በሚያሳይ መሣሪያ) ላይ 207 እና 281 የሚሉ የክብደት ቁጥሮች ሲወጡ ብዙዎች ግሪሱን ይከሳሉ፤ የመሣሪያው መለያ ቱቦ (ኮለሙ) ራሱም እነዚያኑ ስለሚያወጣ ክሱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በኤንኤምአር (ሞለኪውልን በማግኔት በሚመረምር መሣሪያ) ግን 0.07 አካባቢ ያለው የሲሊኮን ጫፍ ብዙ አያከራክርም።

ክሎራይድ ወይም የውኃ ጥንካሬ ለሚለካ የብርጭቆ ቧንቧ አቀባቡ ከግሪሱ ዓይነት እኩል ይወስናል። ቁልፉ (የሚዞረው የቧንቧው አካል) በሄክሳን በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ፣ ከቀዳዳው ራቅ ተብሎ፣ አንድ አንድ ስስ መስመር ይቀባል። ከገባ በኋላ ሲዞር የደበዘዘው ብርጭቆ ጥርት ብሎ ማሳየት አለበት። ነጭ ጭረት ከታየ ግሪሱ አንሷል፤ ከቀዳዳው ከወጣ በዝቷል። ጫፉን ከደፈነም ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ መንከር ይረዳል።

ኮስቲክ ሶዳ የሞላ ቡሬት ከስቅለት ዋዜማ እስከ ፋሲካ ማግስት እንደቆመ ተረስቶብን ያውቃል። ሶዳው ብርጭቆውን በልቶ ቁልፉን ነክሶ ያዘው፤ በእንጨት መታ መታ ብናደርገውም፣ በሞቀ ጨርቅ ብንጠቀልለውም አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ለሶዳ የቴፍሎን ቁልፍ ያለው ቡሬት ብቻ ነው የምንጠቀመው።

ለኦክስጅንና ለኃይለኛ ኦክሲዳይዘሮች (ሌላውን ነገር ለሚያቃጥሉ ኬሚካሎች) የሚሆነው እንደ ክራይቶክስ ያለ ፍሎሮ ግሪስ ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው። ሄክሳን ለሚነካው፣ ውኃ ለማይነካው ቧንቧ ደግሞ ግሊሰሪን ከዴክስትሪንና ከማኒቶል ጋር ተቀቅሎ የሚሠራ አለ።

ሲሊኮን የነካው ዕቃ ከመታጠቡ በፊት በሄክሳን መጠረግ አለበት። ሳይጠረግ ምድጃ ከገባ ቅባቱ ተቃጥሎ ሲሊካ ይሆንና ብርጭቆው ላይ ለዘለቄታው ይቀራል። የቴፍሎን ቁልፍ ቅባት አይፈልግም፤ ነገር ግን ሙቀት ሲጨምርና ሲቀንስ ከብርጭቆ በብዙ እጥፍ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሊያፈስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ ትንሽ ይጠብቃል። ማታ ሲቀመጥ ደግሞ መላላት አለበት።