የከተማ ጤናና የተማሪዎች የጋራ ቡድን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከተለያዩ የትምህርት ክፍሎች የተውጣጡ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው የከተማን የጤና ችግር ማጥናታቸውን በተመለከተ በደሴና በኮምቦልቻ ከሚሰነዘሩት አስተያየቶች አንዳንዶቹ ሊታረሙ ይገባል።

«የጤናን ጉዳይ ለጤና ተማሪዎች መተው ይሻላል።»

ወባን እንመልከት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ይጠብቃታል፤ ከሃያ ኪሎ ሜትር ብዙም የማትርቀው ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ለበሽታው የተጋለጠች ናት። በአገራችን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ደግሞ ረግረግ ሳትፈልግ በበርሜልና በሮቶ ውስጥ የምትራባ፣ ወባን የምታስተላልፍ የከተማ ትንኝ ናት። እንግዲህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አንድ ግቢ፣ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ክዳን የሌለው በርሜል ተቀምጧል እንበል። የጤና ተማሪው በጭልፋ ቀድቶ እጮቹን ያያል፤ የውሃ ምሕንድስና ተማሪዋ ግፊቱ እዚያ ሰፈር ለምን እንደማይደርስ ትጠይቃለች፤ የሶሲዮሎጂ ተማሪው «እናቴ፣ በየሳምንቱ ደፍተው ቢያጥቡትስ?» ሲል፣ «ዳግም መቼ እንደሚመጣ ሳላውቅ የያዝኩትን ልድፋ እንዴ?» የሚል መልስ ያገኛል። ይህን ያልሰማ ቡድን «ውሃ አታጠራቅሙ» የሚል ፖስተር ለጥፎ ይመለሳል፤ የሰማው ግን በልክ የተሠራ ክዳን ያስባል።

«አዲስ የመጣ ፋሽን ነው።»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በቡድን አሠልጥኖ ያሰማራ ነበር፤ ዛሬ ተማሪዎች «ቲቲፒ» የሚሉት በቡድን የሚካሄድ የመስክ ሥልጠናም የዚያው ልጅ ነው።

«ከየክፍሉ አንድ ሰው ከገባ ቡድኑ ተሟልቷል።»

በእኔ እምነት ከሁሉም ይልቅ ጎጂው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱን ምዕራፍ ለብቻው ጽፎ በስቴፕለር ማያያዝ የቡድን ሥራ ይመስላል። ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የቦርከና ወንዝ ላይ የኬሚስትሪ ተማሪ የቆዳ ማልፊያ ክሮሚየምን ሊለካ ይችላል። ነገር ግን ናሙናው ከፋብሪካ ፍሳሽ መግቢያ በላይ፣ ከመግቢያው በታችና ገበሬው ለአትክልቱ ውሃ ከሚጠልፍበት ቦታ ካልተወሰደ፣ ቁጥሩ ስለ ማን ጤና እንደሚናገር አይታወቅም። የናሙናውን ቦታ መምረጥ ያለበት ኬሚስቱ ብቻ ሳይሆን ከግብርናና ከጤና የመጡት ጓደኞቹም ጭምር ናቸው።

«ሪፖርቱ ለከተማ አስተዳደሩ ከቀረበ ሥራው አልቋል።»

ተማሪው ክረምት ሲገባ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ዋናው የወባ ወቅት ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ስለዚህ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሪፖርት ተቀባይ ሳትሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቡድኑ አባል ልትሆን፣ የትኛው ግቢ ስንት በርሜል እንዳለው የሚያሳየው መዝገብም በእጇ ሊቀር ይገባል።