ኮልማንስኮፕ፦ አሸዋ በወረሳት ወና ከተማ ፎቶግራፍ ማንሳትና ማረም

ኮልማንስኮፕ በደቡብ ምዕራብ ናሚቢያ፣ ከሉደሪትስ የወደብ ከተማ ብዙም ሳትርቅ በናሚብ በረሃ ውስጥ የምትገኝ ወና ከተማ ናት። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎቿ በ1956 ጓዛቸውን ጠቅልለው ከሄዱ በኋላ የበረሃው ነፋስ መስኮቱን ሰብሮ፣ በሩን ገፍቶ፣ አሸዋውን ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ቆለለው። ዛሬ ከተማዋ በዓለም ዙሪያ የምትታወቀው በአንድ ወቅት ባበለጸጋት አልማዝ ሳይሆን አሸዋ በሞላቸው በእነዚህ ክፍሎች ፎቶግራፍ ነው። ይህ ዳሰሳ ከተማዋ እንዴት እንደተቆረቆረችና እንደተተወች፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች በውስጧ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ያነሱትንም ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚያርሙት ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከተማዋ ታሪክ የሚጀምረው ከባቡር ሐዲድ ነው። ናሚቢያ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን፣ በኤፕሪል 1908፣ ዘካርያስ ሌዋላ የተባለ የባቡር መንገድ ሠራተኛ ነፋስ ሐዲዱ ላይ የከመረውን አሸዋ ሲጠርግ አንድ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አገኘ። ሌዋላ ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካ በኪምበርሊ የአልማዝ ማዕድን ሠርቶ ስለነበር የድንጋዩን ማንነት ለመገመት አልተቸገረም፤ ወስዶ ለአለቃው ለአውጉስት ሽታውክ ሰጠው። ሽታውክ የፍለጋ ፈቃድ አውጥቶ ባለጸጋ ሲሆን ሌዋላ ግን ከሀብቱ አልተቋደሰም። በዚያው ዓመት የጀርመን መንግሥት ከባሕሩ ዳርቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ምድር «ሽፔርጌቢት» ብሎ፣ ማለትም የተከለከለ ቀጠና አድርጎ፣ ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይገባበት ዘጋው።

በተዘጋው ምድር ላይ የተተከለችው ከተማ ለአውሮፓውያን ነዋሪዎቿ ምንም እንዳይጎድልባት ተደርጋ የተሠራች ነበረች። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የበረዶ ፋብሪካ፣ ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ለቲያትርና ለስፖርት የሚያገለግል አዳራሽ፣ እስከ ዛሬ የቆመ የቦውሊንግ መጫወቻ ጭምር ነበራት። የሚጠጣ ውኃ ግን ስላልነበራት ከኬፕታውን በመርከብ ይመጣላት ነበር። በ1912 የአካባቢው ምርት ከዓለም የአልማዝ ምርት ከአንድ አሥረኛ በላይ ደርሶ እንደነበር ይገለጻል። የደቡብ አፍሪካ ጦር በ1915 ግዛቱን ከጀርመኖች ነጠቀ፤ በ1920 የማዕድን ኩባንያዎቹ በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ። ከተማዋን ያራቆታት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1928 በደቡብ፣ በኦሬንጅ ወንዝ አፍ አካባቢ፣ ከኮልማንስኮፕ እጅግ የበለጠ የአልማዝ ክምችት ተገኘና ሰዉም መሣሪያውም ቀስ በቀስ ወደዚያ ሄደ። ከ1980 ወዲህ አንዳንድ ሕንፃዎች ታድሰው ቤተ መዘክር ተቋቁሟል፤ የቀሩት እንደተተዉ አሉ።

ፎቶግራፍ አንሺውን የሚስቡት እነዚሁ ያልታደሱት ናቸው። የሥራ አስኪያጁ፣ የሒሳብ ሹሙ፣ የአርክቴክቱና የመምህሩ ቤቶች በኮረብታው ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ረጃጅም መተላለፊያ ያለው ሆስፒታልም ከእነሱ አይርቅም። በየቤቱ የግድግዳው ቀለም ይለያያል፦ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው የኮክ ፍሬ የመሰለ፣ ሌላው አረንጓዴ፤ ከወገብ በላይ በእጅ የተሣለ የጌጥ ሐረግ የሚዞርበትም አለ። አሸዋው ክፍሉን እኩል አይሞላውም። ነፋስ ከሚገባበት መስኮት ሥር ከፍ ብሎ ይቆለልና ወደ ተቃራኒው ማዕዘን እያዘቀዘቀ ይሄዳል፤ በር ላይ ሲደርስ መዝጊያውን ከግማሽ በታች ቀብሮ በክፍቱ በኩል ወደሚቀጥለው ክፍል ይፈስሳል። ጣሪያው ተገፎ ማገሩ ብቻ በቀረበት ክፍል ፀሐይዋ ገባ ስትል አሸዋው ላይ ጥላና ብርሃን በመስመር በመስመር ይሰመራል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መስመሮቹ ስለሚንቀሳቀሱ በአንድ ጠዋት ውስጥ ያው ክፍል የተለያየ ፎቶግራፍ ይሰጣል።

ከተማዋ ዛሬም በአልማዝ ቀጠናው ክልል ውስጥ ስለሆነች ያለ ፈቃድ አይገባባትም። መደበኛው የጎብኚ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ለፎቶግራፍ አንሺዎች ደግሞ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ የሚያስቆይ የተለየ ፈቃድ በተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። ለፎቶግራፍ ብሎ ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው ልዩ ፈቃዱን ባያወጣ ዋናው ነገር ያመልጠዋል፤ በ2 ሰዓት ዝቅተኛው ብርሃን አልፏል፣ የጎብኚ እግርም ክፍሎቹን መርገጥ ጀምሯል።

ስለ ብርሃኑ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በኢትዮጵያ የቀትር ፀሐይ እንደየወቅቱ አንዴ ወደ ሰሜን አንዴ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በዚህ ያደገ ዓይን ኮልማንስኮፕ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ከተማዋ ከደቡባዊው የፀሐይ መመለሻ መስመር በታች ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በሰሜን በኩል ናት። በዚህ ምክንያት ወደ ምሥራቅ የሚያዩት ክፍሎች ጠዋት፣ ወደ ሰሜን የሚያዩት ረፋድ ላይ፣ ወደ ምዕራብ የሚያዩት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይበራሉ፤ ወደ ደቡብ የሚያዩት በአብዛኛው ቀጥተኛ ብርሃን አያገኙም፣ ስለዚህም ለስላሳ ብርሃን ለሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ይጠቅማሉ። ከቀዝቃዛው የቤንጌላ የባሕር ሞገድ የሚነሣው ጭጋግ አንዳንድ ጠዋት ከተማዋን ይሸፍናታል። ብዙዎች ጭጋጉ እስኪገፈፍ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ፤ ነገር ግን የቤቶቹን ውጫዊ ገጽታ፣ የተጣመሙትን የእንጨት አጥሮችና የተራቆቱትን ጣሪያዎች ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

የቤት ውስጥ ሥራው ዋና ፈተና በመስኮቱና በማዕዘኑ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው። መስኮቱ በውጭው በረሃ ነጸብራቅ ሲያበራ የክፍሉ ጥግ ይጨልማል፤ ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ያቅተዋል። የተለመደው መፍትሔ ካሜራውን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አቁሞ፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) 100 ላይ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል አድርጎ፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ ርዝመት) ብቻ እየቀያየሩ ከሦስት እስከ አምስት ፍሬም፣ ማለትም ምስል፣ በተለያየ የብርሃን መጠን ማንሳት ነው። የመጀመሪያው ፍሬም በመስኮቱ በኩል የሚታየውን የአሸዋ ኮረብታ ዝርዝር የሚያድን፣ የመጨረሻው ደግሞ የጨለማውን ጥግ የሚገልጥ መሆን አለበት። ፋይሉ በራው፣ ማለትም ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳያርም በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት፣ መቀመጡ ግድ ነው፤ በጄፔግ፣ በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል፣ የተቀመጠ ፎቶ የመስኮቱ ነጭ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም። ትራይፖዱን በአሸዋ ላይ ማቆምም የራሱ ጥንቃቄ አለው፦ እግሮቹ ቀስ እያሉ ስለሚሰምጡ አስቀድሞ ወደ ታች ተጭኖ ማደላደል ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ፍሬሞቹ በኋላ ሲደራረቡ አይገጥሙም።

ለጠባቦቹ ክፍሎች ሰፊ ሌንስ፣ ለምሳሌ ከ16 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለው፣ ይመረጣል። ይሁንና ሰፊ ሌንስ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሌላው ሰው ፎቶ የማይለይ ፎቶ ይዞ እንደሚመለስ የኮልማንስኮፕን ፎቶዎች ያየ ሁሉ ይመሰክራል፤ በረድፍ የተከፈቱ በሮች በአሸዋው ላይ የሚታዩበት ምስል በሺዎች ተነሥቷል። ረዘም ያለ ሌንስ የያዘ ሰው ግን የተላጠ ቀለም፣ የዛገ ማጠፊያ፣ በነፋስ የታረሰ የአሸዋ ገጽ ያገኛል። ነፋሱ፣ በተለይ በበጋ ከሰዓት በኋላ፣ ከደቡብ በኩል በርትቶ ይነሣል፤ በዚያን ጊዜ ሌንስ መቀየር ካሜራን ማበላሸት ነው። ሌንስ ላይ ያረፈ አሸዋ በጨርቅ ከተጠረገ መስተዋቱን ስለሚጭር በመጀመሪያ በእጅ መንፊያ መንፋት ይገባል።

የእግር ዱካ ከሁሉም በላይ የሚያከራክር ጉዳይ ነው። ያልተረገጠ አሸዋ የዚህች ከተማ ፎቶግራፍ ሁለንተናዋ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው መሐል ለመሐል ካለፈበት ነፋስ መልሶ እስኪያስተካክለው ድረስ ለሌላው ሁሉ ተበላሽቷል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አንሺዎች ክፍል ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ከበሩ ላይ ያነሳሉ፤ መግባት ካስፈለገም የግድግዳውን ጥግ ይዘው ይሄዳሉ፣ ሲወጡም የራሳቸውን ዱካ ይከተላሉ። ፎቅ ያላቸው ቤቶች ወለልና ደረጃ የበሰበሰ እንጨት ስለሆነ ለተሻለ ማዕዘን ሲባል የተከለከለ ወለል ላይ መውጣት ለሕይወት ያሰጋል። ድሮን ለማብረርም የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል።

ከተማዋ ሰው አልባ ትሁን እንጂ እንስሳት አልተዋትም። በምሽት ቡናማ ጅቦች ይገቡባታል። ደቡብ አፍሪካዊው ዊም ፋን ደን ሂቨር የጅቦቹን ዱካ ካየ በኋላ ለዓመታት ተከታትሎ፣ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ በፍርስራሾቹ መካከል አጥምዶ ያገኘው ምስል በ2025 በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚዘጋጀውን የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺ ውድድር ታላቁን ሽልማት አሸንፏል። ምስሉ የሚያሳየው ጅቡን በአንድ ፍርስራሽ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ነው፤ ከሺዎቹ የበርና የአሸዋ ፎቶዎች የሚለየው ቦታው ዛሬ የማን እንደሆነ በመናገሩ ይመስለኛል።

ወደ ኤዲቱ ስንመጣ የመጀመሪያው ሥራ የነጭ ሚዛኑን፣ በተለምዶ ዋይት ባላንስ የሚባለውንና ምስሉ ወደ ወርቃማ ወይም ወደ ሰማያዊ ምን ያህል እንደሚያደላ የሚወስነውን፣ ማስተካከል ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን አለ፦ ቀጥታ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ወርቃማ ሲሆን ከሰማይ ተንጸባርቆ ጥላውን የሚያበራው ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲወስን ከተተወ ሁለቱን አማካይ አድርጎ አሸዋውን ግራጫ፣ ግድግዳውን ደብዛዛ ያደርገዋል። የሚሻለው በአሸዋው ላይ ያረፈውን ብርሃን መሠረት አድርጎ ሙቀቱን መወሰን፣ ከዚያም ላይትሩም ወይም ፎቶሾፕ በሚባሉት የማረሚያ ፕሮግራሞች ጥላውን ብቻ በማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ ለማረም በሚያስችል መሣሪያ) ለይቶ ጥቂት ማስተካከል ነው። ጥላው ጨርሶ ሰማያዊነቱን እንዲያጣ ማድረግ ግን የክፍሉን ጥልቀት ይገድለዋል።

የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ፍሬሞች ማዋሐድ ሁለተኛው እርምጃ ነው። ኤችዲአር የሚባለው አውቶማቲክ ውሕደት ፈጣን ነው፤ ሲጋነን ግን በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ይፈጥራል፣ ጥላውንም አሟጦ ስለሚያጠፋ ክፍሉ የፀሐይ ብርሃን የገባበት ሳይሆን በፓውዛ የበራ ይመስላል። ጊዜ ያለው ሰው የመስኮቱን ክፍል ከጨለማው ፍሬም ወስዶ በእጁ ቢያዋሕድ ይመረጣል። ክላሪቲ የሚባለው፣ የምስሉን ዝርዝር አጉልቶ የሚያወጣው መሣሪያም እንዲሁ በጥንቃቄ የሚያዝ ነው፤ የተላጠ ግድግዳን ያሳምራል፣ አሸዋውን ግን እንደ ጠጠር ያሻክረዋል። ስለዚህ ለግድግዳው ብቻ በማስክ መስጠት ያዋጣል። ቀጥ ያሉ መስመሮችን ማቃናት ሲመጣ የኮልማንስኮፕ የበር ፍሬሞች በእርጅናና በአሸዋ ግፊት ብዙዎቹ የተጣመሙ ስለሆኑ በእነሱ ልክ ፎቶውን ማቃናት መላውን ክፍል ያዘነብለዋል፤ የግድግዳውን ማዕዘን መከተል ይሻላል።

በሴንሰሩ፣ ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ላይ ያረፈ የአቧራ ነጥብ ማጥፋት የማንም ተቃውሞ የለበትም፤ ነጥቡ የካሜራው እንጂ የቦታው አይደለምና። የእግር ዱካን ከምስሉ አንድ ቦታ ቀድቶ ሌላውን በሚሸፍነው የክሎን መሣሪያ ማጥፋት ግን ቦታውን መለወጥ ነው። በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕላዊ ሥራ ብዙዎች ያደርጉታል፤ ለዜና ወይም ለዘጋቢ ፎቶግራፍ ውድድር የሚቀርብ ከሆነ አብዛኞቹ ሕጎች ነገር መጨመርንም መቀነስንም ይከለክላሉ። ሰማይ መቀየር፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሸዋ መጨመር፣ በሌለ መስኮት ብርሃን ማስገባት በየትኛውም መመዘኛ የኮልማንስኮፕ ፎቶግራፍ ሊባል አይገባውም፤ ቦታው ያለ ምንም ጭማሪ የሚያስደንቅ ሆኖ ሳለ ይህን ማድረግ በእጅ ያለውን ወርቅ ጥሎ መዳብ እንደ መፈለግ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፎቶዎቹ የሚተዉት ነገር ነው። በየመጽሔቱ የሚታዩት የአለቆቹ ቤቶች ናቸው። አልማዙን የለቀሙት ግን ከሰሜን፣ ከኦቫምቦ ምድር፣ በኮንትራት የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ከጀርመኖቹ ይበልጥ ነበር፤ የሚኖሩትም ከእነዚህ ቤቶች ተለይተው በጋራ ማደሪያ ነበር። ከዘመኑ የተረፉ ፎቶግራፎች ሠራተኞቹ በረድፍ ሆነው፣ በደረታቸው እየተሳቡ፣ አልማዝ ከአሸዋው ላይ ሲለቅሙ ያሳያሉ። ሌዋላ ይጠርገው የነበረው ሐዲድም ቢሆን ሲሠራ ጉልበት የዋለበት፣ ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ወቅት በሉደሪትስ ሻርክ ደሴት የታጎሩት እስረኞች ጭምር ነው። የፎቶ ስብስብ የሚያዘጋጅ ሰው የሠራተኛ ማደሪያውን ቅሪትና ሐዲዱን ቢያካትት፣ ይህም ቢቀር በመግለጫው ቢጽፈው፣ ተመልካቹ ያየው ውብ ክፍል በማን ላብ እንደተሠራ ያውቃል።

መግለጫው ቀኑን፣ የቤቱን ስምና ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫ ቢይዝ ሌላም ጥቅም አለው። ጣሪያዎቹ በየጊዜው ይወድቃሉ፣ የአሸዋው ቁልል ቦታውን ይቀይራል፣ ቀለሙም እየተላጠ ነው፤ በተመሳሳይ ቦታ በተለያየ ዓመት የተነሡ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ግድግዳ በምን ፍጥነት እንደሚፈርስ ይታያል። ለዚህ የሚያገለግለው ያልታረመው ራው ፋይል ስለሆነ ከታረመው ቅጂ ጋር አብሮ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ፣ ሊቀመጥ ይገባል።