ከሲሙሌሽን የሚማር ማሽን፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሳይንሳዊ ሲሙሌሽን የተፈጥሮን ሕግ በእኩልታ ጽፎ ለኮምፒውተር ማስላት ነው። ችግሩ ጊዜ ይበላል። ትልልቆቹ በሱፐር ኮምፒውተር ላይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ተመራማሪው ደግሞ መነሻ ቁጥሮቹን እየቀያየረ ሺህ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ሲሙሌሽኑን አቅም የፈቀደውን ያህል ጊዜ ያስኬዱና ግብዓቱንና ውጤቱን ለማሽን ለርኒንግ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ ለሚማር ፕሮግራም፣ ይሰጡታል። ሞዴሉ ዝምድናውን ከተማረ በኋላ ላልተሞከሩት ቁጥሮች መልሱን በቅጽበት ይገምታል። ይህ ተተኪ ሞዴል ኢሙሌተር ይባላል።

ብዙ ሰው ዘርፉ ከኒውራል ኔትወርክ (በአንጎል ነርቮች አምሳል ከተሠራው የማሽን ለርኒንግ ሞዴል) ጋር የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። አንዱ ትልቅ ሥሩ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሊነገር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ በጥቂት ቦታ ከተወሰዱ ናሙናዎች ተነስቶ በመካከላቸው ያለውን የወርቅ መጠን የሚገምትበትን መንገድ አሳየ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ማትሮን በ1960ዎቹ ሒሳቡን አደራጅቶ በክሪግ ስም ክሪጊንግ አለው። በ1989 የስታቲስቲክስ ተመራማሪው ጀሮም ሳክስና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኮምፒውተር ሙከራ አመጡት፤ የመሬቱን ቦታ የሲሙሌሽኑ ግብዓት ተካው ማለት ነው። የዘዴው ውበት ግምቱን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም አብሮ መናገሩ ነው። በ2001 የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎቹ ኬኔዲና ኦሃጋን ኢሙሌተሩን ከእውነተኛ ልኬት ጋር የማስታረቂያ መንገድ ጨመሩበት።

በኬሚስትሪ በ2007 ቤህለርና ፓሪኔሎ ኒውራል ኔትወርክ የአተሞችን ኃይል (ኢነርጂ) ከኳንተም ስሌት፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከሚፈጀው የአተም ደረጃ ሲሙሌሽን፣ እንዲማር አደረጉ።

ሰፊው ዝና የመጣው ግን በአየር ትንበያ ነው። የጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት የሆነው የዲፕማይንድ የትንበያ ሞዴል ግራፍካስት በ2023 ይፋ ሲሆን የ10 ቀን ትንበያ በአንድ ማሽን ላይ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሠራ ነበር። የተማረው ከ1979 እስከ 2017 ካለው የኢአርኤ5 መዝገብ ነው። ኢአርኤ5ን የሚያዘጋጀው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ሲሆን፣ የፊዚክስ ሞዴልን ከሳተላይት፣ ከባሉንና ከምድር ጣቢያ ልኬቶች ጋር አጣምሮ ያለፈውን አየር መልሶ ይገነባል። እንግዲህ ግራፍካስት ከሲሙሌሽን ተማረ ወይስ ከልኬት? አንዳንዶች ከልኬት ነው ይላሉ። እኔ ግን ያለዚያ የፊዚክስ ሞዴል መዝገቡ ራሱ አይኖርም ባይ ነኝ። ማዕከሉ በየካቲት ወር 2025 ኤአይኤፍኤስ የተባለውን የራሱን የማሽን ለርኒንግ ትንበያ ሞዴል ሥራ ላይ ሲያውል ነባሩን የፊዚክስ ሞዴል አላሰናበተም፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የትንበያው መነሻ የሆነው የአየር ሁኔታ ሥዕልም አሁንም ከዚያው ይመጣል።

አቅጣጫው ሊገለበጥም ይችላል፤ ውጤቱን አይቶ የትኞቹ መነሻ ቁጥሮች እንደወለዱት መጠየቅ። የቅንጣት ፊዚክስና የስበት ሞገድ ተመራማሪዎች ይህን ይወዱታል።

ድክመቱ ይታወቃል። ሞዴሉ ካልሰለጠነበት ክልል ሲወጣ ይስታል፤ ግምቱን መልሶ እንደ ግብዓት ሲወስድ ደግሞ ትንንሽ ስህተት ይጠራቀማል። ስለ ፍጥነቱ የሚነገረውም መፈተሽ አለበት። በ2024 ኔቸር ማሽን ኢንተለጀንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከነባሩ ስሌት እንበልጣለን ያሉ 76 የፈሳሽ ፍሰትና ተዛማጅ እኩልታ ጽሑፎችን አይቶ 60ዎቹ ከደካማ ተፎካካሪ ጋር እንደተወዳደሩ አገኘ። ተገቢው ውድድር ትክክለኛነቱ እኩል ከሆነ፣ ካሉት ሁሉ ፈጣን ከሆነው የስሌት ዘዴ ጋር ነው፤ ኢሙሌተሩን ለማሰልጠን የወጣው የሲሙሌሽን ጊዜም አብሮ መቆጠር አለበት።