“ስሜ ባንክ ቤት ተበላሽቷል”፦ ጅማ ላይ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ላይ ብድር የማይነካው ቤት ጥቂት ነው። ቡና አቅራቢው ለመኸሩ መግዣ ይበደራል። እንጨት ቤቱ ለማሽን፣ ባጃጅ ነጂው ለባጃጁ፣ ደመወዝተኛው ለቤት ዕድሳት። አንድ ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይዘንባል። ችግሩ፣ ብዙው ምክር ስህተት ነው። አንዳንዱማ ቤት ያሳጣል። ደጋግመው የሚሰሙትን እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

“አንዴ ብላክ ሊስት ከገባህ አለቀልህ”

ሰው ብላክ ሊስት የሚለው በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለውን የብድር መረጃ ሥርዓት ነው። አበዳሪዎች የተበዳሪዎቻቸውን ሁኔታ እዚያ ያስገባሉ። በደንብ የከፈለውም ያልከፈለውም ይመዘገባል። አዲስ ብድር ስትጠይቁ ባንኩ አስቀድሞ የሚያየው ይህንን ነው።

መዝገቡ ሰውን ጥሩና መጥፎ ብሎ አይከፍልም። የሚቆጥረው ቀን ነው። ክፍያው ከ30 ቀን በታች ከዘገየ ብድሩ ገና ጤነኛ ነው። 30 ቀን ሲያልፈው ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላው የተበላሸ ብድር ይባላል፤ የባንክ ሰዎች “ኤንፒኤል ገባ” የሚሉት ይህን ነው። 180 ቀን ላይ አጠራጣሪ ይሆናል፣ 360 ቀን ላይ ደግሞ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። የወረደ ብድር መልሶ መውጣት ይችላል። ግን ከ90ኛው ቀን በፊት መነሳትና ከዚያ በኋላ መነሳት በጣም ይለያያል።

“ስልክ ካላነሳሁ ይተዉኛል”

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። የቡና አቅራቢን ጉዳይ እንውሰድ። ጥር ላይ በብድር ገንዘብ ጀንፈል ገዝቶ መጋዘን አስገባ። ዋጋው ወረደ። ሲሻሻል እሸጣለሁ ብሎ ያዘው። የመጋቢት ክፍያ አለፈው። ከቅርንጫፉ ሲደወልለት አፈረ፣ ስልኩን አጠፋ። ሚያዝያ ላይ ሲም ካርድ ቀየረ። ግንቦትም ሰኔም እንዲሁ አለፈ። ሐምሌ ላይ ቡናውን ሸጦ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ወርዷል፣ ቅጣቱ ተደራርቧል፣ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ይህ ሰው ንብረት ነበረው። የጎደለው ቀርቦ መናገር ብቻ ነበር።

መጋቢት ላይ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ባንኩም የሚሰማበት ምክንያት ነበረው። ብድር ደረጃው በወረደ ቁጥር ባንኩ ከገቢው ላይ የሚይዘው መጠባበቂያ ይጨምራል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ የብድሩን ያህል መያዝ ግዴታው ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ብድሩ ከ90 ቀን በፊት እንዲስተካከል ከእናንተ ባልተናነሰ ይፈልጋል።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። መጋዘን ያለው ቡና ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ ማን ገዢ እንዳለ፣ ከማን ምን ያህል ዱቤ እንደምትሰበስቡ በወረቀት ያዙ። የማራዘሚያ ጥያቄውንም በጽሑፍ አስገቡና ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቱ። ገቢያችሁ የቡና ከሆነ የክፍያው ጊዜ ከመኸሩ ጋር እንዲሄድ ጠይቁ። ጅማ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ጥር ገንዘብ የሚያይ ሰው በክረምቱ በየወሩ እኩል ክፈል ቢባል ከየት ያመጣል? ውሉ ሲፈረም ይህን ያልተናገረ ሰው አሁንም ሊናገር ይችላል።

ማራዘሚያ ግን ምሕረት አይደለም። ወለዱ መቁጠሩን ይቀጥላል። 90 ቀን ያለፈው ብድር ደግሞ አዲስ ውል ስለተፈረመ ብቻ በማግስቱ ጤነኛ አይባልም። ብዙውን ጊዜ የተጠራቀመው ወለድ መከፈል አለበት፣ ከዚያም ክፍያው ሳይቆራረጥ ለተከታታይ ጊዜ ሲገባ መታየት አለበት። የተበላሸ ስም የሚስተካከለው እዚህ ጋ ነው።

“ፍርድ ቤት ሳይወስን ቤቴን አይሸጡም”

ይሸጣሉ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለተበዳሪው መስጠትን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው መሳቢያ ውስጥ ከቶት መጥሪያ ይጠብቃል። መጥሪያው አይመጣም፤ የሚመጣው የሐራጅ ማስታወቂያ ነው።

እነዚያ 30 ቀናት ወርቅ ናቸው። መክፈል ካልተቻለ ከባንኩ ጋር ተነጋግሮ ቤቱን ራስ ገዢ ፈልጎ መሸጥ አለ። በሐራጅ የወጣ ቤት ገበያ ላይ የሚያወጣውን ዋጋ ሳያገኝ ሊሄድ ይችላል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ እናንተው ላይ ይቆያል። ከተረፈ ደግሞ ትርፉ የእናንተ ነው፣ ጠይቁ።

“ከከፈልኩ ታሪኩ ይጠፋል”

ዕዳው ይዘጋል፣ ታሪኩ ግን አይፋቅም። ዘግይቶ የተከፈለ ብድር ዘግይቶ እንደተከፈለ ይታያል። ያም ቢሆን “ተከፍሎ ተዘግቷል” የሚል መዝገብ ያለውና እስካሁን ዕዳ ያለበት ሰው ባንክ ፊት እኩል አይደሉም።

የመጨረሻዋን ክፍያ ከፍላችሁ “ተመስገን” ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። ብዙዎች ክሊራንስ ይሉታል። ስማችሁ እስከ አያት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ፣ የብድሩ ቁጥርና ብድሩ የተዘጋበት ቀን በትክክል ተጽፎ ማኅተም ይኑረው። ቤት አስይዛችሁ ከነበረ ካርታውን መቀበል አይበቃም። ባንኩ ለከተማው መሬት አስተዳደር የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ መጻፉን፣ ደብዳቤውም ፋይላችሁ ውስጥ መግባቱን ሄዳችሁ አረጋግጡ። ዕዳው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ቤት ሊሸጡ ሲሉ እገዳው አሁንም አለ የሚባሉ ሰዎች አሉ።

“ገንዘብ ብትሰጠው ስምህን የሚያስፋቅ ሰው አለ”

የለም። መረጃውን የሚያስገባውም የሚያስተካክለውም ያበደራችሁ ተቋም ነው። አዲስ አበባ ሰው አለኝ የሚላችሁ ደላላ ገንዘባችሁን ይወስዳል፣ ዕዳው ግን እዚያው ይቀመጣል።

“የእኔ ያልሆነ ዕዳ በስሜ ቢወጣም ምንም ማድረግ አይቻልም”

ጅማ ውስጥ መሐመድ አሕመድ ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው ዞር ይላል? አያት ሲጨመርም ስም ይገጥማል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ በስም ብቻ አትተማመኑ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁና የፋይዳ ቁጥራችሁ በየባንኩ ፋይል ውስጥ በትክክል መግባታቸውን እዩ።

ስህተት ካለ ቅሬታውን በቅድሚያ መረጃውን ላስገባው ባንክ በጽሑፍ አቅርቡ፣ ኮፒውን ያዙ። መልስ ካጣችሁ ወደ ብሔራዊ ባንክ ውሰዱት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጣል። ይህን መብት መጠቀም ጠብ ፍለጋ አይደለም።

“ዋስ መሆን ፊርማ ብቻ ነው”

እኛ ጋ ወንድም ወይም ጎረቤት “ዋስ ሁነኝ” ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ውሉ ሳይነበብ ይፈረማል። ተበዳሪው ካልከፈለ ግን አበዳሪው ወደ ዋሱ ይመጣል። ውሉ ላይ “በአንድነትና በነጠላ” የሚል ቃል ካለ ባንኩ መጀመሪያ ተበዳሪውን የመክሰስ ግዴታ የለበትም። በቀጥታ ዋሱን መጠየቅ ይችላል። የሰው ዕዳ የራስን ስም የሚያበላሸው እንዲህ ነው።

ሕጉ ለዋስም መከላከያ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ አይጸናም። ከመፈረማችሁ በፊት ያቺን ቁጥር ፈልጉ። የከፈለ ዋስም በባንኩ ቦታ ተተክቶ ተበዳሪውን መጠየቅ ይችላል። ደረሰኙን ጠብቁ። ለወንድም ብሎ መፈረም ክፉ ነገር አይደለም፤ አቅምን ሳያውቁ መፈረም ነው ክፉው።

“ከወለድ ነፃ ስለሆነ አይመዘገብም”

በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ወለድ የለውም፣ ዕዳ ግን ነው። የክፍያ ቀንም አለው። ባንኮቹም የሚሠሩት በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ነው።

የስልክ ብድርም እንዲሁ ነው። ቴሌብር ላይ የምትወስዱትን ብድር የሚሰጠው ስልኩ አይደለም፣ ከጀርባው ባንክ አለ። ትንሽ ናት ብሎ መተው የሚቀጥለውን የብድር ጣሪያ ይዘጋል።

“ሰባት ዓመት ካለፈው ይሰረዛል”

ይህ ከአሜሪካ የመጣ ወሬ ነው። እዚያ ክፉ የብድር ታሪክ በአብዛኛው ከሰባት ዓመት በኋላ ከሪፖርት ይወጣል። ከ300 እስከ 850 የሚቆጠረው ነጥብም የእነሱው ነው። ውጭ ያለ ዘመድ የሚነግራችሁ ለራሱ አገር ልክ ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም።

እኛ ጋ ደግሞ “አሥር ዓመት ካለፈው በይርጋ ይቀራል” የሚሉ አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ክስ ይርጋ በመደበኛው አሥር ዓመት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ባንኩ ክስ ካቀረበ ወይም እናንተ ዕዳውን አምናችሁ ከጻፋችሁ ቆጠራው ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። ባንክ ደግሞ አሥር ዓመት ዝም ብሎ አይጠብቅም።

“ብድር የተከለከልኩት ስሜ ተበላሽቶ ነው”

ላይሆን ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። በ2017 በጀት ዓመት ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ገደብ ባለበት ጊዜ ንጹሕ ታሪክ ያለው ሰውም “አሁን ብድር የለም” ሊባል ይችላል። ምክንያቱን ጠይቁ። ዝም ብሎ ራስን መጠርጠር ሰውን ወደ አራጣ ይገፋል።

“አራጣ ወስጄ ባንኩን ልዝጋ”

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ አይችልም። አራጣ በዓመት ሳይሆን በወር ነው የሚያስበው። ወንጀልም ነው። ከባንክ ጋር መደራደር ይቻላል፣ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ከአራጣ አበዳሪ ጋር ግን ምንም የሚያስረዳላችሁ ወረቀት የለም። ባዶ ቼክ ወይም የቤት ሽያጭ ውል አስፈርሞ የሚያስቀምጥም አለ።

ከዚያ ይልቅ ዕቁብ አለ። ዕቁብ ላይ ታማኝ መሆን ባንክ መዝገብ ላይ አይወጣም፣ ብሩ ግን ይሠራል። ችግራችሁን ለዳኛው ንገሩና ዕጣው ቀድሞ እንዲደርሳችሁ ለምኑ፤ የሚፈቅድ አይጠፋም። ብሩ እንደደረሰ ባንክ ሂዱና የብድር ቁጥራችሁን ተናግራችሁ ለብድሩ መሆኑን ግለጹ። ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ብድሩ ሳይቀነስ ሊቆይ ይችላል። ደረሰኙን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንብቡ፣ የብድሩ ቁጥር ከሌለበት ከመውጣታችሁ በፊት አስተካክሉት።